ለታወቀ ዘፈን የመልስ ዘፈን ስንሠራ ዜማውን እንውሰድ ወይስ አዲስ እናውጣ?

የግሽ ዓባይ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ብዙ የተደመጠ የወንድ ዘፈን አለ፤ ባጃጅ ውስጥም ሰርግ ቤትም እሱ ነው። ሐሳቡ ወንዱ ጣና ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ልጅቷ በታንኳ ተሻግራ ጥላው ሄደች የሚል ነው። በትዝታ ማይነር፣ በፈጣን ጭክጭካ የተሠራ። በሴት ድምፅ መልስ ልንሠራለት ተነስተናል። ድምፃዊት፣ ክራር፣ ማሲንቆና ኪቦርድ አለን፤ ስቱዲዮውም እዚሁ ባሕር ዳር ነው።

ያልተስማማነው እዚህ ላይ ነው። ግማሾቻችን «ያንኑ ዜማ ይዘን ግጥሙን ብቻ እንቀይር፣ ሰው ገና መግቢያውን ሲሰማ ይለየዋል» እንላለን። ሌሎቹ «ዜማውም የራሳችን ይሁን» ይላሉ። ግጥሙስ መስመር በመስመር ነው የሚመለሰው? ደግሞ ዘፈኑ ከወጣ ገና ትንሽ ጊዜው ነው፤ አሁኑኑ እናውጣ ወይስ ፋሲካን እንጠብቅ? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትነግሩን።

ባለማሲንቆ

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዜማው የማን ነው?» የሚለው ነው። እሱ ከታወቀ ሌላው ይቀላል።

ሁለት የታወቁ መልሶችን ጎን ለጎን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሃንክ ቶምፕሰን «ዘ ዋይልድ ሳይድ ኦቭ ላይፍ» በሚለው ዘፈኑ ፍቅሩን ትታ ወደ መሸታ ቤት የተመለሰችን ሴት ወቀሰ። ኪቲ ዌልስ በዚያው ዓመት «ኢት ዋዝንት ጋድ ሁ ሜድ ሆንኪ ቶንክ ኤንጅልስ» ብላ መለሰች። ጥፋቱ ሚስት እያላቸው እንደ ላጤ የሚዞሩ ወንዶች ነው አለች። ዜማው ያው የሱ ዜማ ነው። በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ ብቻዋን ዘፍና 1ኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። ነገር ግን ዜማው ለቶምፕሰንም አዲስ አልነበረም፤ ካርተር ፋሚሊ በ1929፣ ሮይ ኤከፍ በ1936 በሌላ በሌላ ግጥም የቀዱት የቆየ ዜማ ነው።

በዓመቱ፣ በ1953፣ ቢግ ማማ ቶርንተን «ሃውንድ ዶግ»ን አወጣች። በሳምንታት ውስጥ ሩፈስ ቶማስ «ቤር ካት» የሚል የወንድ መልስ በሰን ሬከርድስ ቀዳ። ለኩባንያው የመጀመሪያው ትልቅ ሂት ሆነለት። ይሁንና ዜማው ባለቤት ያለው፣ ገና ትኩስ የሆነ ዜማ ነበርና የ«ሃውንድ ዶግ» ባለመብቶች ከስሰው ረቱ። በተሸጠው ልክ ክፍያም ተከተለ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማዛመድ፣ የማቀናበርና በሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለሥራው አመንጪ ይሰጣል። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሦስተኛ ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። እናንተ ግጥሙን ጥላችሁ ዜማውን ከወሰዳችሁ ፈቃድ የምትጠይቁት የዜማውን ደራሲ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ዘፋኙ ይደውሉና «ይሁን፣ ሥሩት» ሲላቸው የተፈቀደላቸው ይመስላቸዋል። ዘፋኙ ዜማውን ካልደረሰው ወይም መብቱን ካልገዛው መፍቀድ አይችልም። ስለዚህ ከሽፋኑ ወይም ከዩቲዩብ መግለጫው ላይ «ዜማ» ከሚለው ትይዩ ያለውን ስም ፈልጉ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጉት። ጽሑፉ የሥራውን ስም፣ ለምን እንደተፈቀደ፣ የት የት እንደሚወጣ፣ ክፍያው በአንድ ጊዜ ይሁን በመቶኛ፣ ስሙም እንዴት እንደሚጻፍ ይግለጽ።

የጥንቱን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬን ተመርኩዛችሁ ብትዘፍኑ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅኝቱም የጥንት የሕዝብ ዜማውም የማንም የግል አይደለም። ሆኖም የአንድ አቀናባሪ መግቢያና የአንድ ኩባንያ ቅጂ ባለቤት አላቸው። ካሴት ላይ የተቀዳ የማሲንቆ ሐረግ ቆርጦ መለጠፍ «የሕዝብ ነው» አያሰኝም።

የኔ ሐሳብ፦ ዜማውን እንዳለ አትውሰዱ። አዝማቹ ላይ አንድ የሚታወቅ ሐረግ ብቻ፣ ያውም በፈቃድ፣ ጥሩ። የቀረው የራሳችሁ ይሁን።

ስንኝ ቋጣሪ

ስለ ግጥሙ እኔ ልበል። መስመር በመስመር መመለስ አዝማሪ ቤት ውስጥ ያምራል። እዚያ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ ወንዱና ሴቷ ሲለዋወጡ የመጀመሪያው ስንኝ ገና ከጆሮ አልጠፋም። የተቀዳ ዘፈን ላይ ግን ያ የለም። ሰውየው ዋናውን ትናንት ነው የሰማው፣ አንዳንዱም ጨርሶ አልሰማውም። «አልቆምክም፣ አልጠበቅከኝም፣ ታንኳም አልነበረም» እያላችሁ ቃል በቃል ብትክዱ የወንዱን ክስ እናንተው ደግማችሁ አስተዋወቃችሁለት እንጂ አልመለሳችሁም።

የዋናውን ግጥም እዚህ መገልበጥ ስለማይገባ በሐሳቡ ልክ አንድ ምሳሌ ልቋጥር፦

ከጣና ዳር ቆሜ ስጠብቅሽ ዋልኩኝ፣
አንቺን ታንኳ ወስዶሽ ብቻዬን ቀረሁኝ።

ይህ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም፣ መካከሉ ላይ ዕረፍት። መልሱም በዚያው ቤት ቢሄድ አድማጩ ሳይነገረው ያያይዘዋል። ዕቃውን ሁሉ፣ ጣናውን፣ ታንኳውን፣ መቆሙን ተዋሱት። ትርጉሙን ግን አዙሩት፦

ጣና ዳር የቆመ መቅዘፊያ ያልያዘ፣
ታንኳውን ይረግማል እጁ የፈዘዘ።

እሱ «ቆሜ ዋልኩ» ያለው ታማኝነቱን ሊያሳይ ነበር። እዚህ መቆሙ ራሱ ጥፋቱ ሆነ። ደግሞ «አንተ» አይልም፤ ዋናውን ያልሰማ ሰው እንኳ ስለ አንድ ሰነፍ ወንድ እንደተዘፈነ ይገባዋል። ለመልስ ዘፈን ትልቁ ፈተና ይኸው ነው። ሊንርድ ስኪነርድ እ.ኤ.አ. በ1974 በ«ስዊት ሆም አላባማ» ለኒል ያንግ መልስ ሲሰጡ ስሙን ጠርተው ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው የአሜሪካን ደቡብ የወቀሰባቸውን የኒል ያንግን ሁለት ዘፈኖች ሳያውቅ አብሮ ይዘፍነዋል፤ ዜማውና አዝማቹ በራሳቸው ይቆማሉና።

የአሠራር ቅደም ተከተል ከፈለጋችሁ፦ የዋናውን ግጥም በወረቀት ጻፉት፣ ክሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡት። ከዕቃዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ምረጡ፤ ሁሉን ለመመለስ ከሄዳችሁ ግጥሙ የፍርድ ቤት ወረቀት ይሆናል። አዝማቹን መጀመሪያ ጻፉ፣ መልሱ እዚያ ይለቅ። ከዚያ ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና «ምን ገባህ?» በሉት። «ለማን ነው ይሄ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ግጥሙ ገና ነው።

ስድብ አታስገቡ። ሴት ስትመልስ ብዙ ጊዜ ገጣሚው ወንድ ይሆንና ወንድ የሚሰድብበትን ቃል አፏ ላይ ያኖራል፤ ወዲያው ይታወቃል። ድምፃዊቷ ራሷ እያንዳንዱን ስንኝ ትናገረው፣ አፏን የከበዳትን ቀይሩላት።

የግሽ ዓባይ ልጅ

እናመሰግናለን፣ የመቅዘፊያው ነገር ልባችን ገብቷል። አንድ ጥያቄ፦ ዜማው የራሳችን ከሆነ ሰው በምን ያገናኘዋል? ቅኝቱን እዚያው ትዝታ ማይነር ላይ እንተወው?

ባለማሲንቆ

ወንድሜ፣ ቅኝቱን መቀየር ራሱ መልስ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማይነሩ ላይ ሚና ላ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሌሎቹ ሦስቱ አይነኩም። ወንዱ በማይነር እያዘነ ከከሰሰ፣ እሷ ከዚያው ዶ ተነስታ በሜጀር ብትመጣ መሠረቱ አንድ ሆኖ ስሜቱ ይፈካል። ክራሩ ላይ የሚንና የላን ክሮች ብቻ ግማሽ ድምፅ ማውጣት ነው። መግቢያውን አራት ባር በማይነር ማሲንቆ ጀምራችሁ፣ ድምፃዊቷ ስትገባ ወደ ሜጀር ብታዞሩት አድማጩ የትኛውን ዘፈን እንደምትመልሱ ያውቃል፣ አንድም ኖታ ሳትገለብጡ።

ወደ ባቲ ብትሄዱ ግን ግንኙነቱ ይጠፋል። ባቲ ሬና ላ የሉትም፣ ፋና ሲ አሉት፤ ጆሮ ሌላ አገር የሄደ ያህል ነው የሚሰማው። ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ሚክስ ቤት

ቅኝቱ ላይ እስማማለሁ፣ «ከዚያው ዶ ተነስታ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ኪዩን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን መሠረት ድምፅ፣ የምትወስነው ድምፃዊቷ ናት። ወንድ ተመችቶት የዘፈነበት ኪይ ለሴት ወይ ከታች ይሰምጣል ወይ ኦክታቭ ስትወጣ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ የሚስማማው ከወንዱ 4 እስከ 7 ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ወጣ ያለው ነው። በኪቦርድ ትራንስፖዝ እያደረጋችሁ አዝማቹን በሦስት ኪዮች አዘፍኗት፤ ከፍተኛውን ኖታ አምስት ጊዜ ደጋግማ ሳትጨነቅ የምትይዘውን ምረጡ። መሠረቱ ቢለያይም የማይነርና የሜጀሩ ዝምድና አይጠፋም።

የዋናውን ሚውዚክ አውርዶ ፒች እየቀየሩ መዝፈንማ አይሞከር። ከ2 ሰሚቶን በላይ ሲሄድ ከበሮውና ማሲንቆው መበላሸታቸው ይሰማል፤ ዩቲዩብ ላይም ኮንቴንት አይዲ የሚባለው የተቀዳ ሥራ መለያ ያውቀዋል። ባለመብቱ ገቢውን ወደራሱ ሊያዞረው ወይም ቪዲዮውን ሊያዘጋው ይችላል።

ቴምፖውን ለኩትና ከዋናው ከ4 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) በላይ አትራቁ፤ ሰርግ ላይ ዲጄው ሁለቱን አያይዞ ማጫወት እንዲችል። አዝማቹ ከ45ኛው ሰከንድ በፊት ይግባ።

ለባሕር ዳር የተለየ የምለው የአየሩን ነው። ክረምት ላይ ከሐይቁም ከዝናቡም እርጥበት ይበዛል፤ የማሲንቆውና የከበሮው ቆዳ ይላላል። ማሲንቆው ሲላላ ድምፁ ይታፈናል፣ ቅኝቱም በአንድ ቴክ ውስጥ ይወርዳል። ከመቅዳታችሁ በፊት ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ ቆዳውን አሙቁት፤ ከጠጋ ይሰነጠቃል። ከየቴኩ በኋላ በቱነር አረጋግጡ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ድምፃዊቷን ጠዋት ቅዱ፣ ከሰዓት ዝናቡ ስለሚበረታ። ማይኩ ከአፏ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ፖፕ ፊልተር ፊቱ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከማይነስ 6 ዲቢ አይለፍ፤ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። ኮምፒዩተሩና ኦዲዮ ኢንተርፌሱ ሁለቱም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ኮምፒዩተሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ አድርገው መብራት ሲጠፋ የሚቀዳውን የሚያጡ ብዙ ናቸው።

ዲጄ ቀበሌ 14

የቀረው ጊዜው ነው። መልስ ዘፈን ቶሎ ይሻግታል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካዊው ኤሞን የከዳችውን ፍቅረኛ የሰደበበት ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው ፍራንኪ በዚያው ሙዚቃ መልሳ እሷም 1ኛ የወጣችው። ኤሞንም በደራሲነት ስሙ ገብቶ ድርሻውን አገኘ። ዋናው እየተደመጠ ነው የሄደችው፣ እሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢሆን ማን ያስታውሳታል?

ግን ደግሞ ቶሎ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ሁኑ። እ.ኤ.አ. በ1984 የራፕ ቡድኑ ዩቲኤፍኦ «ሮክሳን፣ ሮክሳን» ሲሉ የ14 ዓመቷ ሮክሳን ሻንቴ በነሱው ቢት መለሰችና ተሰማች። ቢቱ ስላጣላ በኋላ በሌላ ቢት ደግማ ቀዳችው። ከዚያ በኋላ በብዙ ደርዘን የሚቆጠሩ «ሮክሳኖች» ወጡ፤ አብዛኞቹን ዛሬ የሚያነሳቸው የለም። እናንተ ለምትመልሱት ዘፈንም ሌሎች መልስ እያዘጋጁለት ከሆነ ሦስተኛ ሆናችሁ ከምትወጡ ዘፈኑን ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርጋችሁ «መልስ» የሚለውን ከርዕሱ አውጡት።

ፋሲካን በተመለከተ፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ ከሆናችሁ አታውጡ። ሰርግ የለም፣ መጫወቻ ቤቶችም ይቀዘቅዛሉ፣ ዘፈኑ ሳይሰማ ያረጃል። ቀረጻውን በጾሙ ጨርሱ፣ ፈቃዱንም በዚያው ያዙ፤ በፋሲካ ሳምንት ነጠላ ዜማውን ልቀቁት። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ያለው የሰርግ ሰሞን ይሸከመዋል። ጾሙ ገና ሩቅ ከሆነ ግን አንድም ሳምንት አትጠብቁ።

ርዕሱ ላይ የዋናውን ዘፋኝ ስም አታስገቡ፤ አብሯችሁ የዘፈነ ያስመስላል፣ ቅሬታም ያመጣል። መግለጫው ውስጥ የማን ዜማ ሐረግ በፈቃድ እንደተወሰደ ጻፉ። ለዲጄዎች የምትሰጡትን ቅጂ በማይነሩ ማሲንቆ መግቢያ ስምንት ባር አስረዝሙት፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ እሱ ላይ ነው የምናስገባው። የተዘፈነውን ቅጂ ለብቻ፣ ሚውዚኩን ለብቻ በዋቭ ላኩ፤ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን።