ክርክር፦ የታሚል ማፊያ ፊልም ውስጥ የፍቅር ታሪኩ የሚጨመረው ገዳዩን ይቅር እንድንለው ነው?

አክሊል፦
ወገን ቅዳሜ ናያካንን አብረን ካየን ጀምሮ ግሩፑ በቮይስ ተጥለቅልቋል፣ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ስለዚህ እዚህ በጽሁፍ እንነታረክ። ላላያችሁ ባጭሩ፦ በፈረንጅ 1987 የወጣ የታሚል (የደቡብ ህንድ ቋንቋ ነው) ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ማኒ ራትናም፣ ዋናው አክተር ካማል ሃሳን። ቬሉ የሚባል ልጅ አባቱን ፖሊስ ሲገድልበት ፖሊሱን ወግቶ ቦምቤ ይጠፋል፣ ዳራቪ የድሆች ሰፈር ውስጥ ያድጋል፣ በኮንትሮባንድ ገንዘብ ይይዛል፣ በኋላ ሰፈርተኛው እንደ አባትም እንደ ዳኛም ያየዋል። መሀል ላይ ኒላ የምትባል ልጅ ያገባል። የኔ አቋም፦ ልጅቷ የገባችው ሰውዬውን እንድንወድላቸው ብቻ ነው። በዚህ በኩል ሰው ይገድላል፣ በዚያ በኩል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሲሳሳቅ ያሳዩናል፣ እኛም ደሙን ረስተን "ምስኪን" እንላለን። ማነው የሚሞግተኝ? ስፖይለር ሞልቶበታል፣ ያላያችሁ ከዚሁ ተመለሱ።

ሳሚ ሲኤምሲ፦
እኔ ከአክሊል ጋር ነኝ። ባሻን እዩት፣ 1995፣ ራጅኒካንት። ቼናይ (የታሚል ናዱ ዋና ከተማ) ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ጨዋ ሰውዬ ነው፣ ታስሮ ሲደበደብ እንኳን እጁን አያነሳም፣ ለካ ድሮ ቦምቤን ያንቀጠቀጠ ዶን ኖሯል። ናግማ የምትሰራት የሀብታም ልጅስ? ባጃጁ ውስጥ ገባች ወደደችው አለቀ። እሷን አውጥተህ ብትጥላት ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም ዘፈኑ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ማሂ፦
ኧረ ባሻንና ናያካንን አንድ ላይ አትጨፍልቁብኝ። ባሻ ሲጀመር ለራጅኒ አጨብጭቡ ተብሎ የተሰራ ፊልም ነው፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ናያካን ግን፣ አክሊል ያንን ትዕይንት ስታይ ስልክህን እየነካካህ ነበር መሰለኝ። ቬሉ ኒላን መጀመሪያ የሚያገኛት የት ነው? ሴተኛ አዳሪ ቤት፣ ጓደኞቹ ወስደውት። ተማሪ ናት ገና፣ ምን ትለዋለች? ነገ የሂሳብ ፈተና አለብኝ ቶሎ ልሂድ ትለዋለች። ሰውዬው ደንግጦ ነው የሚቀረው። እዚህ ላይ ማን ነው የሚታዘነው? እሱ እንዴ? ያ ትዕይንት ስለሱ ደግነት አይደለም፣ እሱ የሚነግስበት ከተማ በልጆች ላይ ምን እየሰራ እንደሆነ ነው የሚያሳይህ፣ እሱ ራሱም ደንበኛ ሆኖ ነው የገባው እኮ!

አክሊል፦
ስልክ አልነካካሁም 😂 ግን ማሂዬ ራስሽ መለስሽልኝ። ደንበኛ ሆኖ ገባ፣ አዳኝ ሆኖ ወጣ። ያገባታል፣ እኛም "አይ ልብ ያለው ሰው" አልን። ይሄ ማጠብ ካልሆነ ምንድነው?

ዮናስ ኬ፦
ማጠቡን ካነሳችሁ አይቀር ከልጅቷ በፊት ዋናውን ሰውዬ እንይ። የቬሉ ታሪክ ቫራዳራጃን ሙዳሊያር ከሚባል እውነተኛ ሰው ነው የተቀዳው። ከታሚሎቹ ክልል ከታሚል ናዱ ቦምቤ ሄዶ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ጀመረ፣ ከዚያ ህገወጥ አረቄ፣ ከዚያ ኮንትሮባንድ። የታሚል ስደተኞች ደግሞ አቤቱታቸውን ይዘው እሱ ዘንድ ነበር የሚሄዱት፣ ያ እውነት ነው። ፊልሙ የአረቄውን ነገር ትቶ አቤቱታ ሰሚነቱን አጉልቶ አሳየን፣ ሰውዬው ገና በህይወት እያለ ማለት ነው፣ የሞተው በ1988 ነው። ስለዚህ ይቅርታው በሚስት በኩል አልመጣም፣ ስክሪፕቱ ሲጻፍ ገና ተሰጥቶ አልቋል።

ሳሚ ሲኤምሲ፦
ዮናስ ጨመረበት 🔥

ጋሽ ተፈራ፦
ልጆች እኔ ክርክራችሁን ሳነብ ነው የዋልኩት፣ አንድ ነገር ልበል። እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን የህንድ ፊልም ስናይ ታሚል ነው ሂንዲ ነው ብሎ የሚለይ አልነበረም፣ ሁሉም የህንድ ፊልም ነው፣ እናት ታለቅሳለች ልጅ ይበቀላል ፍቅረኛሞች ዛፍ ይዞራሉ። አሁን እናንተ ዳይሬክተር በስም ስትጠሩ ሳይ ደስ ይለኛል። ግን እኛ ሽፍታ ስናሞግስ የኖርን ህዝብ አይደለንም ወይ? መንግስት የበደለው ሰው ጫካ ገባ ሲባል ፉከራው ቀረርቶው ለሱ ነው፣ የዘረፈው ነጋዴና የገደለው ዘበኛ በግጥሙ ውስጥ ስም እንኳን የላቸውም። ይሄ ቬሉ የምትሉት ሰው ፖሊስ አባቱን ገድሎበት ነው የወጣው፣ እኛ አገር ቢሆን ግጥም ይገጠምለት ነበር። ህንዶቹን ብቻ አትውቀሱ።

ማሂ፦
ጋሼ እርስዎ ያሉት ሽፍታ ላይ ትክክል ነዎት፣ ግን ልዩነቱን ልንገርዎት፣ ፉከራው ውስጥ የሽፍታው ሴት ልጅ ተነስታ "አንተን ማን ዳኛ አደረገህ" አትልም። ናያካን ውስጥ ትላለች። ቻሩማቲ ልጁ ናት፣ እናቷን ጠላቶቹ ገደሉባት፣ ወንድሟም በዚሁ ስራ ሞተ፣ በመጨረሻ አባቷን ፊት ለፊት ሞግታው ጥላው ወጣች። ማንን አገባች? ፖሊስ! አባቷን ሊያስረው የሚያሳድደውን ሰው። አክሊል፣ ፍቅሩ ይቅርታ ለማስገኘት ነው ካልክ ይሄንን ትዳር አስረዳኝ።

አክሊል፦
እሺ እሷ ጠንካራ ናት፣ እሱን አልክድም። ግን መጨረሻውን አስታውሺ፣ የልጅ ልጁ መጥቶ ጥሩ ሰው ነህ መጥፎ ሰው ነህ ብሎ ሲጠይቀው አላውቅም ይላል፣ ተመልካቹ ያለቅሳል። ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው፣ እኛም ነጻ አወጣነው።

ማሂ፦
ከፍርድ ቤት ሲወጣ ማን ገደለው እሱን ለምን ዘለልከው? ቬሉ ኢንስፔክተር አባቱን የገደለበት ልጅ፣ የአእምሮ ውስንነት ያለበት፣ ራሱ ቬሉ እየረዳ ያሳደገው ልጅ። ህጉ ቢለቀውም ፊልሙ አለቀቀውም።

ቤቲ ሻርጃ፦
ሰላም ነው ሁላችሁም፣ ከስራ ገብቼ ነው ያየሁት። እዚህ የታሚል ፊልም ሲኒማ ቤት በትልቁ ነው የሚገባው፣ ታሚሎቹ ራሳቸው ስለዚህ ነገር ይጣላሉ እኮ፣ እኛ የጀመርነው አይምሰላችሁ። እኔ ጋ ካሸር ላይ አብሮኝ የሚቆም ልጅ አለ የሰሜን ቼናይ ነው፣ ካሲሜዱ የዓሣ ወደቡ አካባቢ፣ እነዚህን ፊልሞች ሲያይ ደሙ ይፈላል፣ እና ንዴቱ ደግሞ ሰው ተገደለ ብሎ አይደለም፣ ሁሌ ገጀራ የያዘው ሰው የኛ ሰፈር ልጅ ነው፣ ስራ ስጠይቅ ሰፈርህ የት ነው ይሉኛል ስነግራቸው ፊታቸው ይቀየራል ይላል። ቫዳ ቼናይ በ2018 ሲወጣ (ዳይሬክተሩ ቬትሪማራን ዋናው ዳኑሽ) ባልና ሚስት ጀልባ ላይ የሚሆኑበት አንድ የፍቅር ትዕይንት ነበር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሰደበን ብለው ተነሱ፣ ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠይቆ ትዕይንቱን አስወጣው። ገጀራው ግን አልወጣም። እና እናንተ ፍቅሩ ገዳዩን ያጥባል ትላላችሁ፣ እዚያ ደግሞ የተቆረጠው ፍቅሩ ነው።

ዮናስ ኬ፦
ቤቲ ይሄ የምር ጥሩ ነጥብ ነው።

ሳሚ ሲኤምሲ፦
ኧረ ቆይ ቆይ፣ ታግ ላይፍንስ? 2025፣ ያው ማኒ ራትናምና ካማል ሃሳን፣ ያኔ ካማል 70 ዓመቱ ነበር፣ ያኔ 42 ዓመቷ ከነበረው ትሪሻ ጋር ፍቅር ይሰራል፣ ትሬለሩ ሲለቀቅ ኢንተርኔቱ ተቃጠለ። ደግሞ ካንናዳ ቋንቋ የተወለደው ከታሚል ነው ብሎ ተናግሮ ካንናዳ የሚነገርበት ክልል ካርናታካ ውስጥ ፊልሙ አይታይም ተባለ፣ ይቅርታ አልጠይቅም አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ እኮ ነገሩ

አክሊል፦
ሳሚ የቋንቋውን ነገር ለሌላ ቀን፣ እሱ ከተነካ እዚህ ግሩፕ ውስጥም የኛው ይነሳል 😅

ሳሚ ሲኤምሲ፦
እሺ ወደ ጉዳዩ። ፑዱፔታይ፣ 2006፣ ዳኑሽ። ጋንግስተሩ የጓደኛው እህት ሰርግ ላይ ዋና የክብር እንግዳ ሆኖ ይሄዳል፣ ለሙሽራው ሊያቀብል የተሰጠውን የጋብቻ ማሰሪያ ይዞ ራሱ አንገቷ ላይ ያስርላታል። በግድ። ቤተሰቧ ፊት ለፊት። ወጣቱ ደግሞ ይሄንን ሰውዬ ነው ፕሮፋይል ፒክቸር የሚያደርገው። ማሂ ይሄንንስ ምን ልትይው ነው?

ማሂ፦
ያ ትዕይንት ላይ የሚያጨበጭብ ሰው ካለ ችግሩ ከሰውዬው ጋር ነው። ካሜራው ልጅቷ ፊት ላይ ነው ያለው ሳሚ፣ የጓደኛው ወዳጅነት እዚያው ነው የሞተው፣ ሰውዬው ከዚያ በኋላ የሚሸሸግበት ሁሉ የጠበበው ባደረገው ነገር ነው። ይሄ አቃቤ ህግ ነው እንጂ ጠበቃ አይደለም። አንተ ራስህ የምታነሳው ምሳሌ ሁሉ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ከፈለግክ እኔ ለናንተ የሚጠቅም ልስጣችሁ፣ ታላፓቲ፣ 1991። ራጅኒ የሚወዳትን የብራህሚን (የላይኛው የህንድ ዘውግ) ልጅ አባቷ ከልክሎት ለሌላ ይድሯታል፣ እሱ ደግሞ በኋላ ማንን ያገባል? የገደለውን ሰው ሚስት! ትንሽ ልጅ ያላት መበለት። ሊጠብቃት ነው የሚል ምክንያት ሰጥተውታል። እዚያ ላይ እኔም ይሄ ነገር ተጨማለቀ ብያለሁ፣ ባሏን የገደለ ሰው ጠባቂዋ ሆኖ ሲቀርብ ሴትየዋን በደንብ አላስተነፈሷትም። ታላፓቲን ብታነሱ ኖሮ እቸገር ነበር፣ እናንተ ግን ባሻ ባሻ ትላላችሁ።

ጋሽ ተፈራ፦
ይቺ ልጅ የሁለቱንም ወገን ክርክር እየሰራችላቸው ነው።

ቤቲ ሻርጃ፦
😂😂 ጋሼ!

ዮናስ ኬ፦
ለኔ ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው፣ እኛ የምናየው ፊልም የትኛው ነው? እዚያ የህንድ ሳንሱር ቦርድ ደረጃ ይሰጣል። ኩሊ የሚለው የራጅኒ ፊልም በ2025 ለአዋቂ ብቻ ተባለ፣ 18 ያልሞላው አይገባም፣ አዘጋጁ ኩባንያ ይሻሻልልን ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድም አልተሳካለትም። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ፊልም በትርጉም ሆኖ ዩቱብ ላይ ይለቀቃል፣ የአጎቴ የ9 ዓመት ልጅ ምሳ እየበላ ነው የሚያየው። ደግሞ ተርጓሚዎቹ እንዲያጥርላቸው መጀመሪያ የሚቆርጡት ምንድነው? ዘፈኑን። የታሚል ፊልም ውስጥ ፍቅሩ የሚነገረው በዘፈኑ ነው፣ ያንን ስትቆርጥ መተዋወቁም መጋባቱም መናፈቁም አብሮ ይሄዳል፣ የሚቀረው ገጀራ ብቻ ነው። ማሂ የምትሟገትለትን ፊልም እዚህ አገር ያየው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ትረካው ላይ "የኛ ጀግና" እያሉ ነው የሚተርኩት፣ ዳይሬክተሩ ያላለውን።

አክሊል፦
ይሄንን ላይክ አደረኩት ግን አቋሜን አልቀየርኩም። ዘፈኑ ቢኖርም ዘፈኑ ራሱ ማጣፈጫ ነው።

ቤቲ ሻርጃ፦
ካላን ያየ የለም? 2018፣ ዳይሬክተሩ ፓ ራንጂት፣ ዳራቪን አፍርሰን ፎቅ እንስራ ከሚሉት ጋር የሚጣላ አዛውንት ነው ራጅኒ። የድሮ ፍቅረኛው መጣች፣ ሰውዬው ልቡ ተነካ፣ ቤት ሲገባ ሚስቱ ሴልቪ ምን አለችው መሰላችሁ፣ እኔንም ቲሩኔልቬሊ እያለሁ ሲያየኝ የነበረ ሰው አለ፣ ለኔም ትኬት ቁረጥልኝ ሄጄ ልየው! ሰፈሩን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ ቤቱ ውስጥ መልስ አጣ። እኔ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከጎኔ ያሉት የታሚል እናቶች ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ፣ ለራጅኒ አይደለም ለሴትየዋ።

ሳሚ ሲኤምሲ፦
ያቺ ሴትዮ ንግስት ናት፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

አክሊል፦
እና ምን ይሁን? ሚስቱ ቀለደችበት፣ እሱም ፈገግ አለ፣ እኛም ይበልጥ ወደድነው። አያችሁ እኔ የምለው ይሄንን ነው፣ ስትቆጣውም ስታፈቅረውም ስትቀልድበትም ትርፉ የሱ ነው።

ማሂ፦
በዚህ አያያዝህ ሴትየዋ ብትገድለውም ትርፉ የሱ ነው ልትል ነው 😂 እሺ፣ ቫዳ ቼናይን እንይና እንነጋገር። ቻንድራ ባሏን ከገደሉት ሰዎች አንዱን አግብታ፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች፣ አንድ በአንድ እርስ በርሳቸው እንዲጨራረሱ ታደርጋለች። ያንን ትዳር ይቅርታ ነው ብለህ ጻፍልኝ።

አክሊል፦
አላየሁትም። እሁድ ማታ ይሁን?

ዮናስ ኬ፦
በትርጉም የሆነውን እንዳታመጡ ብቻ።

ሳሚ ሲኤምሲ፦
ዘፈኑ ያልተቆረጠበት በሰብታይትል ያለው ኮፒ ማን ጋ ነው?

ጋሽ ተፈራ፦
ሰብታይትሉ ፊደሉ ተለቅ ያለ ይሁንልኝ።

ቤቲ ሻርጃ፦
እሁድ ማታ ሺፍት ነኝ፣ ሰኞ አድርጉት። የጀልባውን ትዕይንት ያዩ ካሉ ግን ኢንቦክስ።