ጎማው አልገባም፣ ብሩም አልወጣም

ሰላም ናችሁ? አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የሳይክል ሱቅ ከከፈትኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ኮሪደሩ ሲሠራ የሳይክል መንገድ ሲዘረጋ አይቼ፣ "ጊዜው አሁን ነው" ብዬ ከቅጥር ሥራዬ ወጣሁ። ብሬ ግን ጎማ ላይ ታስሮ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ በርካሽ አገኘሁና 40 ፍሬ አነሳሁ። 26 ሁሉ አንድ መስሎኝ! የመጀመሪያው ደንበኛ ማውንቴን ሳይክል ይዞ መጣ። ጎማውን ሳጠልቀው ቸርኬው ላይ ይዋልላል፤ ስነፋው ካላማዳሪው በጎን አፈትልኮ ወጣ። ኋላ ጎማው ጎን ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አየሁ፦ 37-590። 37ቱ የጎማው ስፋት፣ 590ው ደግሞ የሚገጥምበት ቸርኬ ዲያሜትር ነው፣ በሚሊ ሜትር። የማውንቴኑ ቸርኬ 559 ነው። የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት! የእኔዎቹ ለከተማ ሳይክል የሚሆኑ ናቸው፤ የጃፓን ሳይክሎች ላይ የተለመደ ልክ ነው አሉኝ። ሻጩ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

እስካሁን ያቆመኝ ጥገናው ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱት ልጆች የፍሬን ሸራ ቶሎ ይጨርሳሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። የሰፈሩ ሕፃናት ደግሞ አየር ለማስሞላት ይሰለፋሉ። በነፃ ነው፣ ምን ላድርግ?

አሁን አከራዬ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ክፈል ብለውኛል። ጎማዎቹን በኪሳራ ልሽጣቸው ወይስ ልያዛቸው? 590 ቸርኬ ያላቸው ሳይክሎች በብዛት የሚገኙት የት ሰፈር ነው? ዕቃ መሸጡን ትቶ በጥገና ብቻ ኪራይ የሚሸፍን ካለስ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሚሠራ ንገሩኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ።