እናቴን ይዤ ኦክስፎርድ ለሁለት ቀን፣ ምን ላሳያት?

ጎንደሬዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እናቴ ከጎንደር መጥታልኝ ሁለት ወር ሆናት፣ ልትመለስ የቀራት ሶስት ሳምንት ነው፣ እኔ ደግሞ ሺፍቴ አልለቅ ብሎኝ ከቤትና ከቤተክርስቲያን በቀር ምንም ሳላሳያት ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ውስጤን እየበላኝ ነው። አሁን በስንት ልመና ማክሰኞና ረቡዕ ኦፍ አግኝቻለሁ። ኦክስፎርድ ልወስዳት አስቤያለሁ፣ ለሷም ለልጆቹም ይሆናል ብዬ። ልጆቹ 11 እና 6 ናቸው፣ ትልቁ የሃሪ ፖተርን ቦታ ካላየሁ ብሎ ይዞኛል። ባለቤቴ ስራ ላይ ስለሆነ አይመጣም፣ ሶስቱንም ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።

ያሳሰበኝ ምን መሰላችሁ፣ እናቴ 70 አልፏታል ጉልበቷን ያማታል፣ ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች ደረጃ ግን አይሆንላትም። ደሞ የምንሄደው ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ብለምናትም አትሰማኝም። የምንኖረው ለንደን ሸፐርድስ ቡሽ ነው፣ በመኪና ልሂድ በባቡር ወይስ በኮች (በሩቅ መንገድ አውቶቡስ)? ማደሩስ ያስፈልጋል ወይስ ደርሶ መልስ ይበቃል? ገንዘቡም ብዙ አይደለም። የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ የምታውቁትን ጣል አድርጉልኝ።

ሬዲንግ ነኝ፦
እህቴ እንኳን እናትሽን ለማየት አበቃሽ። መጀመሪያ መኪናውን እርሺው። የኦክስፎርድ መሀል ከተማ ለመኪና የተሰራ አይደለም፣ ፓርኪንጉ ውድ ነው፣ ሃይ ስትሪት ላይ ደግሞ ቀን ቀን አውቶቡስና ታክሲ ብቻ የሚያልፍበት ቦታ አለ፣ ምልክቱን ሳላይ ገብቼ ከሳምንት በኋላ የመኪናዬ ፎቶ ከነቅጣቱ በፖስታ ቤቴ መጣልኝ። የግድ መኪና ካልሽ ከለንደን ስትመጪ ከተማው ሳትገቢ ቶርንሂል ፓርክ ኤንድ ራይድ አለ፣ እዛ አቁመሽ በአውቶቡስ ትገቢያለሽ።

አንቺ ግን ሸፐርድስ ቡሽ ሆነሽ ምን አስጨነቀሽ፣ ኦክስፎርድ ቲዩብ የሚባለው ኮች እኮ እዛው ሰፈርሽ ይቆማል! ከቪክቶሪያ ተነስቶ በማርብል አርች፣ በኖቲንግ ሂል ጌት፣ በሸፐርድስ ቡሽ አድርጎ ይሄዳል፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመጣው። ባቡር ከፓዲንግተን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኮቹ መንገድ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ምናምን ይወስዳል፣ ግን ለእናትሽ ጉልበት ፓዲንግተን ድረስ ወጥቶ ወርዶ ከመቀያየር አንዴ ተቀምጦ መድረስ ይሻላል ባይ ነኝ። የመጨረሻው ማቆሚያ ግሎስተር ግሪን ነው፣ መሀል ከተማ።

ባቡር ከመረጥሽ ግን ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬይልካርድ የሚባለውን የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጪ፣ አዋቂው አንድ ሶስተኛ ልጆቹ 60 ፐርሰንት ይቀነስላቸዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ያገለግልሻል። በስራ ቀን ጠዋት በሩጫው ሰዓት ስለማይሰራ ረፈድ አርጋችሁ ውጡ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ባለፈው ክረምት ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ምክሬ፣ ሙዚየሞቹን አትለፊያቸው፣ ትልልቆቹ ነጻ ናቸው። ለልጆቹ ፒት ሪቨርስ የሚባለውን ውሰጃቸው፣ የሚገባው በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ በኩል ነው ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁለቱን ታያላችሁ። ፊት ለፊት ዳይኖሰሮቹ አሉ፣ ከምድር የጠፋችው ዶዶ የምትባለው ወፍ ቅሪትም እዛ ነው ያለው፣ ከዛ ወደ ኋላ አልፋችሁ ፒት ሪቨርስ ስትገቡ ሌላ ዓለም ነው። ጨለም ያለ አዳራሽ፣ እስከ ጣሪያ ድረስ ከየሀገሩ የመጣ እቃ የተጠቀጠቀበት ሳጥን፣ በትንንሽ የእጅ ጽሁፍ ወረቀት የተለጠፈበት። አንዲት የብር ቀለም ያላት ትንሽ ጠርሙስ አለች፣ ውስጧ ጠንቋይ ተዘግቶባታል ይባላል፣ የኔ ልጅ እሷን ካየ በኋላ ከፊቷ አልነቃነቅ አለኝ። ትንሽ ባትሪ ይዘሽላቸው ሂጂ።

ለእናትሽ ደግሞ አሽሞሊያን የሚባለው ሙዚየም። በ1683 የተከፈተ ነው፣ ሊፍት አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ንጹህ መጸዳጃ አለው፣ ዊልቸር ያውሳሉ። የአክሱም ዘመን ሳንቲሞች ስብስብ አላቸው፣ የትኛው እንደወጣ መግቢያው ላይ ጠይቂ።

የድሮ ተማሪ፦
ሁለት ዓመት እዛ ስለተማርኩ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። አንደኛ፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አንድ ግቢ የለም። ወደ 40 የሚጠጉ ኮሌጆች ከተማው ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት፣ እያንዳንዱ የራሱ በር የራሱ ዘበኛ አለው፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ጸሎት ቤት አላቸው፣ የመግቢያ ሰዓቱም ክፍያውም ለየብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ብቻ ምረጪና እሱን በደንብ እዩ፣ አምስት ቦታ ለመሮጥ አትሞክሪ። ለልጅሽ ክራይስት ቸርች ነው የሚሆነው። ሃሪ ፖተር የተቀረጸበት ደረጃ እዛ ነው፣ የፊልሙ የመመገቢያ አዳራሽም የተሰራው የነሱን አዳራሽ መነሻ አድርጎ ነው። ለአዋቂ ከ15 ፓውንድ በላይ ነው፣ ኦንላይን ቀድመሽ ቡክ አድርጊ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አዳራሹ ብዙ ጊዜ ለምሳ ይዘጋልና ጠዋት የሚለውን ሰዓት ያዢ። እናትሽ ደረጃውን ካልቻሉ እታች ካቴድራሉ ውስጥ ይቀመጡ። ማታ ደግሞ እዛው ካቴድራል የዝማሬ ጸሎት አለ፣ ለጸሎት የሚገባ አይከፍልም፣ ሰዓቱን በር ላይ ለጥፈውታል።

ማደር አለብሽ ወይ ላልሽው፣ እደሪ። ምክንያቱም የክራይስት ቸርች ትልቁ ደወል በየማታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ5 ላይ 101 ጊዜ ይደወላል። ድሮ በኮሌጁ የነበሩት ተማሪዎች ቁጥር ነው፣ አምስት ደቂቃዋ ደግሞ ኦክስፎርድ ከግሪኒች ወደ ምዕራብ ስለሆነ የድሮ የራሱ ሰዓት ነበረውና እሱን ጠብቀው ነው። መንገድ ላይ ቆመሽ በነጻ ትሰሚዋለሽ፣ ልጆቹ ይቁጠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ጎንደር ስላልሽ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው። ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከጎንደር የሄደ መጽሐፈ ሄኖክ አለ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገብቶ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተቀምጦ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ሲያክም እንደነበር ሰምተሽ ይሆናል። ሲመለስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ፣ ከነሱ ውስጥ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፣ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተሰጠ፣ አንዱ ቦድሊያን ገባ። መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመት ጠፍቷል ብሎ ሲፈልገው የነበረውን እኛ ቤት ቀሳውስቱ ያነቡት ነበር። በ1821 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመውም እዛው ኦክስፎርድ ካለው ቅጂ ነው። ብራናው ለጎብኚ አይወጣም፣ ለማንበብ የአንባቢ ካርድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ እናየዋለን ብለሽ ለእናትሽ ቃል እንዳትገቢ። ግን ያለበትን ቤት ማሳየት ትችያለሽ። ብሮድ ስትሪት ላይ ዌስተን ላይብረሪ የሚባለው ነው፣ ምድር ቤቱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ነጻ ነው፣ ካፌ አለው፣ ደረጃ ሳይወጡ መግባት ይቻላል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ በ1602 የተከፈተው አሮጌው ቦድሊያን አለ፣ ግቢው ውስጥ በነጻ ይገባል።

ጎንደሬዋ፦
የድሮ ተማሪ እግዜር ይስጥልኝ፣ አነበብኩላት። ቁስቋም ስል ቡና እየቆላች ነበር፣ ምጣዱን አውርዳ "በይ ድገሚልኝ" አለችኝ። እሷ ያደገችው ከቁስቋም ብዙ ሳትርቅ ነው፣ እንግዲህ ሌላ ቦታ ብወስዳትም አትሄድልኝም። አሁን የቀረኝ የምግቡና የማደሪያው ነገር ነው።

ሰሜን ለንደን፦
ካምብሪጅስ አላሰብሽም? እሱም ቆንጆ ነው መንገዱም ሜዳ ነው። ግን የሄኖክን ነገር ካነበብኩ በኋላ እኔም ኦክስፎርድ ብያለሁ።

የማርያም ልጅ፦
በጾም ያልሽው ቀላል ነው እህቴ፣ "ቪጋን" ብለሽ ጠይቂ፣ ወተትና ቅቤ እንደሌለው ግን ዳቦውንም ሳይቀር አረጋግጪ። ረቡዕ ግሎስተር ግሪን ላይ ገበያ አለ፣ ፈላፍልና የተለያየ ሀገር ምግብ በትኩሱ ይሸጣል፣ 9 ሰዓት ከማለፉ በፊት ሄደሽ ግዢላቸው ምክንያቱም ሻጮቹ ከሰዓት በኋላ እቃቸውን መሰብሰብ ይጀምራሉ። ማክሰኞ ደግሞ ከቤት ይዘሽ ሂጂ፣ ሽሮ ፍትፍት በምሳ እቃ፣ ትንሽ ቆሎ፣ ዳቦ። ለልጆቹ ከቨርድ ማርኬት የሚባለው ከ1774 ጀምሮ ያለ የተሸፈነ ገበያ አለ፣ ኩኪስ ሲጋገር ሽታው ከበሩ ይስባቸዋል። እናትሽ ባዶ ሆዳቸውን ስለሚውሉ ከባዱን መራመድ ጠዋት አድርጊው፣ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ተቀምጠው የሚያሳልፉበት ቦታ ይሁን።

በነገራችን ላይ ሆቴል ስትይዢ የእናትሽን ቁርስ አትክፈዪ፣ አይበሉትም።

የድሮ ተማሪ፦
ማደሪያ ረስቼው። ክረምት ላይ ተማሪው ስለሚወጣ ኮሌጆቹ ክፍሎቻቸውን ያከራያሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ሩምስ የሚባል ሳይት ላይ ታገኚዋለሽ። ልጆችሽ ኮሌጅ ውስጥ አደርን ይላሉ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ብዙዎቹ የአንድ ሰው ክፍል ናቸው ደረጃቸውም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው ሊፍትም የላቸውም፣ ምድር ቤት ካልሰጡሽ ተይው። ለአራት ሰው ተራ ሆቴል ውስጥ ፋሚሊ ሩም ሳይረክስሽ አይቀርም።

ሬዲንግ ነኝ፦
ጃንጥላም አትርሺ፣ ነሐሴ ነው ብለሽ እንዳትታለይ።

ጎንደሬዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ቃል ገብቼ ነበር ልንገራችሁ። በኮች ነው የሄድነው፣ እናቴ መስኮት ጋ ተቀምጣ መዝሙረ ዳዊቷን ስትደግም ነው የደረስነው። ሆቴሉን ትንሽ ከመሀል ወጣ ያለ ያዝኩ፣ በአውቶቡስ አስር ደቂቃ። ማክሰኞ ሙዚየሞቹን፣ ረቡዕ ጠዋት ክራይስት ቸርች። ልጄ ደረጃው ላይ ሃያ ፎቶ ተነሳ፣ እሷ ካቴድራሉ ውስጥ ቁጭ ብላ የባለቀለም መስታወቱን ሥዕል እያየች ይሄ እገሌ ይሄ እገሌ እያለች ቅዱሳኑን ለየቻቸው፣ ለትንሿ ልጄ ያንን ሁሉ ታሪክ ነገረቻት። ደወሉን ማክሰኞ ማታ ቆመን ሰማን፣ ትልቁ 101 ቆጠርኩ አለ፣ ትንሿ 94 ላይ ጠፋብኝ ብላ አለቀሰች።

ዌስተን ላይብረሪ ስንገባ እናቴ መሀል ላይ ቆማ ቀና ብላ ከላይ በመስታወቱ ውስጥ የሚታዩትን የመጻሕፍት መደርደሪያዎች አየች። ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች፣ ከዛ ሄዳ ግድግዳውን ተሳለመች፣ ልክ ደጀ ሰላም እንደደረሰች። እዛ የሚሰራ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ደንግጦ ነው መሰለኝ። እሷም "ብራናውን በደህና ይዛችሁታል ወይ በይልኝ" አለችኝ፣ ተረጎምኩለት። እሱም ሙቀቱም እርጥበቱም በሚጠበቅ ክፍል እንዳለ፣ ውሃም እሳትም እንዳይነካው ተደርጎ እንደተሰራ ቀስ ብሎ አስረዳት፣ እኔ እየተረጎምኩ አንድ በአንድ ሰማችው። "እንኳን ደህና ሆነ፣ ግን ቤቱ ጎንደር ነው በይው" አለች። ነገርኩት፣ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ከዛ ካፌው ውስጥ እስከ 9 ተቀመጥንና ሰዓቱ ሲደርስ ገበያው ጋ ፈላፍላችንን በላን።

ለሚቀጥለው ሰው የምለው፣ በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል፣ ከዛ በላይ እናቴን ያደክማት ነበር። ፒት ሪቨርስ ከመሀል ከተማው በእግር ይርቃል፣ ለጉልበት ታማሚ ታክሲ ያዙ፣ እኔ ቅርብ ነው ብዬ አስኬጃት ማታ ጉልበቷ አብጦ ነበር። ባለ ድንጋይ ንጣፉ መንገድ፣ ራድክሊፍ ካሜራ የሚባለው ክብ ህንጻ ዙሪያ ያለው፣ ለአረጋዊ ያንሸራትታል፣ ክንዳቸውን ያዙ። ጃንጥላውም በሁለቱም ቀን አስፈልጎናል።