ኢኤክስቲ4ን (የሊኑክስን ፋይል ሲስተም) ካሰፋሁ በኋላ "አንኢኒት" በዛብኝ፤ ዳታዬ ተበላሸ ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ጎበዝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትናንት ማታ ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ፣ በኤልቪኤም (የዲስክ ክፍልፋይን ለማስፋት በሚያስችለው የሊኑክስ መሣሪያ) ላይ ያለውን ፋይል ሲስተም ከ200 ወደ 500 ጊጋባይት አሰፋሁት። የማስፊያው ትእዛዝ፣ ሪሳይዝ2ኤፍኤስ፣ ቶሎ ጨረሰ። የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍም አዲሱን መጠን ያሳያል። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ከዚያ ግን ማንም ሳይጽፍበት የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቆም አለ። የፋይል ሲስተሙን ዝርዝር በሚያሳየው ደምፕኢ2ኤፍኤስ ሳየው አዲሶቹ ግሩፖች (ፋይል ሲስተሙ የሚከፈልባቸው የብሎክ ክፍሎች) "ኢኖድ_አንኢኒት፣ ብሎክ_አንኢኒት" ይላሉ (ኢኖድ የአንድ ፋይል መረጃ የሚያዝበት መዝገብ ነው)። የድሮዎቹ ላይ ያለው "አይቴብል_ዜሮድ" (የኢኖድ ሰንጠረዡ በዜሮ ተሞልቷል የሚለው) እነዚህ ላይ የለም። ደንግጬ የፋይል ሲስተም መፈተሻውን ኢ2ኤፍኤስሲኬን በ-ኤን (ምንም ሳይለውጥ እንዲፈትሽ) አስኬድኩት። የነጻ ብሎኮች ቁጥር ልክ አይደለም አለኝ። አሁን በ-ዋይ (ለጥገናው ሁሉ "እሺ" እንዲል) ልድገመው? ባክአፕ አለኝ፤ ይመለስ አይመለስ ግን ሞክሬው አላውቅም (አትስደቡኝ)።

ቸኩሎ አዳሪ፦
በ-ዋይ ልቀቀው፣ ራሱ ይጠግነዋል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ብሎክ ቆጣሪ፦
ተረኛው፣ እጅህን ሰብስብ! ማውንት በተደረገ (ተገናኝቶ ሥራ ላይ ባለ) ፋይል ሲስተም ላይ -ዋይ ብትል ደህናውን ነው የምታበላሸው። የ-ኤን ውጤትም ቢሆን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) እየጻፈ ስለሆነ አይታመንም።

"አንኢኒት" የሚለው ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ግሩፕ ነው። ከርነሉ ከ2.6.37 ጀምሮ የኢኖድ ሰንጠረዡን በዜሮ መሙላቱን ለኋላ ያቆየዋል። ሂሳቡን እንሥራው። ብሎክህ 4 ኪሎባይት ከሆነ አንድ ግሩፕ 128 ሜጋባይት ነው። የጨመርከው 300 ጊጋ 2400 ግሩፕ ይሆናል። በተለመደው አሠራር በየግሩፑ 8192 ኢኖድ አለ፣ እያንዳንዱ 256 ባይት፤ ሰንጠረዡ 2 ሜጋ ማለት ነው። በድምሩ 4800 ሜጋ ዜሮ ይጻፋል። ያውም እየተንቀራፈፈ፦ አንዱን ለመጻፍ የፈጀበትን ጊዜ አሥር እጥፍ ያርፋል።

ዜሮው ለምን አስፈለገ? ቦታው ላይ ድሮ ሌላ ፋይል ሲስተም ነበረ እንበል። አንድ ቀን የግሩፑ መግለጫ ቼክሰም (ትክክለኛነቱን ማረጋገጫ ቁጥር) ከተበላሸ፣ ኢ2ኤፍኤስሲኬ ሰንጠረዡን በሙሉ ያነባል። ያኔ የሞተው ኢኖድ ሁሉ በሕይወት ያለ ይመስለዋል።

ዲስክ ላይ ማን እንደሚጽፍ በሚያሳየው አዮቶፕ ላይ "ኢኤክስቲ4ሌዚኢኒት" የሚል ካየህ፣ ዜሮውን የሚጽፈው እሱ ነው። ቶሎ እንዲገላገልህ፣ እረፍቱን በሚያስቀረው "ኢኒት_አይቴብል=0" ሪማውንት (እንደገና ማውንት) አድርገው። ሲያበቃ አንማውንት አድርገህ (አላቅቀህ) በ-ኤፍ -ኤን ፈትሸው፤ -ኤፍ ጤነኛ ቢመስልም አስገድዶ ያስፈትሻል።

የሌሊት ተረኛ፦
ራሱ ነው! ሪማውንት ካደረግኩ በኋላ መብራቱ አረፈ። አንማውንት አድርጌ ፈተሽኩት፣ አንድም ስህተት የለም። "አይቴብል_ዜሮድ" ሁሉም ላይ መጥቷል። ግን "ኢኖድ_አንኢኒት" አሁንም አለ?

ብሎክ ቆጣሪ፦
ይኖራል። እዚያ ግሩፕ ውስጥ የመጀመሪያው ፋይል ሲፈጠር ይነሳል። አንተ ግን ዛሬውኑ ባክአፕህን መልሰህ ሞክረው።

ቸኩሎ አዳሪ፦
ቆይ፣ -ዋይ ከማለት በፊት አንማውንት ይደረጋል እንዴ?