በእናቴ ገላ ላይ ቁስል አገኘሁ፣ ነገ ጠዋት ኃላፊዋን ላገኝ ነው፤ ምን ልጠይቅ?

የእማማ ልጅ፦
ሰላም፣ ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። እናቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገባች አምስት ወሯ ነው። አሁን ልብሷን ስቀይርላት ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ፣ መዳፌን የሚያክል ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር አየሁ። መሃሉ ላይ ቆዳው ሊላጥ ደርሷል። ረዳቷን ጠርቼ ሳሳያት «ሽፍታ ነው፣ ቅባት እንቀባታለን» ብላኝ ሄደች። ትናንት ደህና ነበረች! ያቺው የዛሬዋ ልጅ ናት ያደረገችው፣ እርግጠኛ ነኝ። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሲገቡ ወለሉ ያበራል፣ በር ላይ አበባ አለ፣ ምንም አይሸትም፣ ሁሉም ፈገግ ይላል። አሁን ራሴን እየረገምኩ ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ከኃላፊዋ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ምን ልበላት? ቤቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይታወቃል? ላውጣት?

እንቅልፍ አጥ፦
አበባው ፕላስቲክ ነው? ፕላስቲክ ከሆነ እሱን እንኳ ውኃ የሚያጠጣው የለም ማለት ነው። ይቅርታ እህቴ፣ ይማርልሽ።

ታዛቢ፦
በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧት። ሌላ መድኃኒት የለውም።

የበኩር ልጅ፦
ሁላችሁም ቅባትና ትራስ ታወራላችሁ። ጥያቄው ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ለምን አስገባሻት? እናት ለባዳ ተሰጥታ እንዴት ደህና ትሆናለች? እኔ አባቴን እስከ መጨረሻው ቤቴ ነው የያዝኩት።

የማታ ፈረቃ፦
እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁንም ሥራ ላይ ነኝ። መልሴ ቢቆራረጥ ደወል ጠርቶኝ ነው።

የገለጽሽው ሽፍታ አይመስልም። በእርጥበት የሚመጣ ሽፍታ እጥፋቱ ውስጥ ይበታተናል፣ የአንቺ ግን አጥንት ላይ ቁጭ ብሏል። የአልጋ ቁስል ነው የሚመስለው፣ ሰው ሳይገላበጥ ብዙ ሲተኛ ወይም ሲቀመጥ ሥጋው ተጭኖ የሚመጣው። ሐኪም ወይም ተረኛዋ ነርስ ዛሬውኑ ትየው፣ ለነገው ስብሰባ አይቆይም። ትኩሳት ካላት፣ መግል ወይም ሽታ ካለው፣ ወይም በድንገት ነገር ከተምታታባት ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

በዛሬዋ ልጅ ግን አትፍረጂ። ወይን ጠጅ የሚመስለው ዓይነት ከሥር፣ ከጡንቻው በኩል ነው የሚጀምረው። ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ እስኪወጣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ «ትናንት ደህና ነበረች» ያልሽው ትናንት አልታየም ማለት ሊሆን ይችላል። ነገ መዝገቡ ሲወጣ ካለፉት ሦስት አራት ቀናት ጀምረሽ ጠይቂ፦ ማን አገላበጣት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ጎኗ፣ ወንበር ላይ ስንት ሰዓት ተቀመጠች።

ደግሞ ራሷን ማገላበጥ ትችላለች? እሱን አልጻፍሽም።

የእማማ ልጅ፦
ኧረ አትችልም! ከስትሮኩ ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። የታወቀ ነገር መስሎኝ ነው። ቀን ዊልቸር ላይ ቴሌቪዥን ፊት ነው የምትውለው። ዳይፐርም አላት። ሰሞኑን ደግሞ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።
@የበኩር ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቃብኛለች። ሦስተኛውን ልጠብቅ?

ብልሃት አለኝ፦
እንደ ቀለበት መሃሉ ክፍት የሆነ ትራስ አለ፣ እሱ ላይ አስቀምጫት። ቦታውን በአልኮል ሞቅ እስኪል እሺ፣ ደም ይዘዋወራል። አክስቴ እንዲያ ስናደርግላት ነው የዳነችው።

የማታ ፈረቃ፦
እባክሽ እንዳታደርጊው። ቀለበቱ ዙሪያውን እየተጫነ ወደ መሃሉ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ማሸትም ሥሩ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይቀጠቅጠዋል፣ አልኮሉ ቆዳውን ያደርቃል። አክስትሽ የዳኑት ያን ተቋቁመው ነው።

ለዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። በጀርባዋ አትተኛ። ከጀርባዋ ትራስ አስደግፈሽ ወደ አንድ ጎን 30 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብያት፣ ሙሉ በሙሉ በጎኗ ከተኛች ጭነቱ ዳሌዋ ላይ ይዞራል። ከባቷ ሥር ትራስ አድርጊና ተረከዟ አየር ላይ ይሁን። ሐኪም ካልከለከለ የአልጋውን ራስጌ ብዙ አታስነሺው፣ ወደ ታች ስትንሸራተት ቆዳው ከሥጋው ጋር ይጓተታል።

ከዚያ ሌላ ቦታ ፈልጊ፦ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ጆሮ ጀርባ። መጽሐፉ «መቅላት» ይላል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም፤ ብዙ ቁስል የሚያመልጠን በዚህ ነው። በእጅሽ ዳስሺ። ከአካባቢው የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ የደደረ ወይም የሚለሰልስ፣ ስትነኪው የምትሸሸው ቦታ ካለ ጻፊው። የቁስሉን ፎቶ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርገሽ አንሺ። ግን መጀመሪያ እሷን አስፈቅጃት። ደወል ነው፣ መጣሁ።

ጋሽ መምህር፦
ጥያቄው በሥርዓት ይመለስ። የሕክምና ጥራት የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፤ አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ነው ያስቀመጠው። አንደኛው መዋቅር ነው፣ ሕንፃው፣ መሣሪያው፣ የሠራተኛው ብዛትና ሥልጠና። ሁለተኛው ሂደት ነው፣ ማለትም ምን ተደረገ፣ እንዴት ተደረገ። ሦስተኛው ውጤት ነው፣ ሰውየው ምን ሆነ። ጠያቂዋ ቤቱን ስትመርጥ ያየችው መዋቅርን፣ እሱንም ከበር ላይ ብቻ ነው። አበባና የሚያበራ ወለል የሂደት ማስረጃ አይሆኑም። ውጤቱን ደግሞ ዛሬ ማታ በዓይኗ አየችው። በመሆኑም ከሦስቱ...

እንቅልፍ አጥ፦
ጋሼ፣ ልጅቷ 3 ሰዓት ቀጠሮ አላት፣ ሴሚስተር አይደለም።

ሁለቱን የቀበርኩ፦
ጋሽ መምህር ግን አልተሳሳቱም። እናትና አባቴ ሁለቱም መንከባከቢያ ውስጥ ነው ያረፉት፣ በተለያየ ቤት። የሚያበራው ቤት መጥፎው ነበር። ስለ ሽታ ላስተካክልሽ፦ አሁን አንድ ክፍል ቢሸት ሰው ተፀዳድቶ ነው፣ ያጋጥማል። ከሰዓት በኋላ ስትመለሺ ያው ክፍል አሁንም ከሸተ እሱ ነው ችግሩ። ቀኑን ሙሉ የፅዳት መድኃኒት ብቻ የሚሸት ቤትም አያስደስተኝም።

እኔ የማየው ትንንሽ ነገር ነው። ውኃዋ በሚሠራው እጇ በኩል ነው ያለው ወይስ በማይሠራው? መነጽሯ የራሷ ነው? ሠራተኛዋ ስትገባ የምታናግረው አንቺን ነው እሷን? በሩ ሳይዘጋ ዳይፐር ይቀየራል? በስሟ ይጠሯታል? ሳትነግሪያቸው በእረፍት ቀንና ማታ ሂጂ፣ የሥራ ቀን ጠዋት ሁሉም ቤት ጥሩ ነው።

አሁን እዚያው ካለሽ ደወሉን ተጫኚና ሰዓት ያዢ።

ታዛቢ፦
እኔ ያልኩት ይሻላል። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ቀን ቀን እንቅልፍ ያልሽው አሳስቦኛል። የምትወስደውን መድኃኒት ዝርዝር ስጡኝ በይ፣ ባለፉት ሁለት ወራት የተጨመረውን ለይተው ያሳዩሽ። አንዳንድ ቤት የሚጮኽ ወይም የሚነሳ አረጋዊ አንቲሳይኮቲክ የሚባል የሥነ አእምሮ መድኃኒት ተሰጥቶት «ረጋ አለ» ይባላል። የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ እነዚህ መድኃኒቶች የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማሸጊያው ላይ በጥቁር ሳጥን እንዲጻፍ አድርጓል። እናትሽ ይህ ተሰጥቷታል እያልኩ አይደለም። የደነዘዘ ሰው አይነቃነቅም፣ ውኃም አይጠይቅም፣ ስለዚህ ከቁስሉ ጋር ይያያዛል። ራስሽ ግን ምንም እንዳታቋርጪ፣ ከሐኪሙ ጋር ነው።

የማታ ፈረቃ፦
ተመለስኩ። ነገ ሁለት ቁጥር ጠይቂ። አንዱ የብሬደን ነጥብ ነው። ለአልጋ ቁስል የመጋለጥ መለኪያ ነው፣ ከ6 እስከ 23፣ ሲያንስ አደጋው ይበዛል፤ 18 እና ከዚያ በታች ሲሆን ጥንቃቄ ይጀመራል። «ስትገባ ስንት ነበር፣ አሁንስ? ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ?» በያት። ኃላፊዋ ብሬደን ምንድነው ብላ ካፈጠጠች መልሱን አግኝተሻል።

ሌላው ክብደቷ ነው። በወር ውስጥ 5 ከመቶ፣ በስድስት ወር 10 ከመቶ ሳታስብበት ከቀነሰች ከባድ ነው። 60 ኪሎ የነበረች በአንድ ወር 57 ከገባች ማለት ነው። ሳትበላ ቁስል አይድንም። በየወሩ መዝነው ካልጻፉ እሱን ራሱን ለምን በያቸው።

@ታዛቢ፣ ሁለት ሰዓቱ የተለመደ ነው፣ ግን እንደ ሰውየውና እንደ ፍራሹ ይለያያል። ዊልቸር ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይረዝማል፣ ቢያንስ በየሰዓቱ ከመቀመጫዋ ነቅነቅ ማለት አለባት።

የእማማ ልጅ፦
ደወሉን ተጫንኩ። 19 ደቂቃ። ያቺው ልጅ ናት የመጣችው፣ ጓንቷን እያወለቀች እየሮጠች። ለ26 ሰው ሁለት ናቸው ዛሬ፣ ሦስተኛዋ ቀርታለች። አብረን አዘነበልናት፣ ትራሱን እሷ ናት ያስተካከለችው። ነርሷንም ጠርታልኛለች፣ ሐኪም ሊደወል ነው። ስጮህባት ነበር።
ውኃው በግራዋ በኩል ነው። እስከ አፉ ሙሉ።

እንቅልፍ አጥ፦
አበባው ላይ የቀለድኩትን መልሼ ወሰድኩ።

የበኩር ልጅ፦
ስለ መውደቋ አላወቅሁም። ይቅርታ።

ሁለቱን የቀበርኩ፦
ላውጣት ላልሽው፦ በንዴት ሌሊት አታንሻት፣ ቁስል ይዞ መዘዋወርም ያደክማል። ነገ የሚሉሽን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበዪ፦ የፍራሹ ለውጥ ከመቼ ጀምሮ፣ የቁስሉ ልክ በየስንት ቀኑ፣ ማን ይደውልልሻል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሳትነግሪያቸው ሂጂና በየትኛው ጎኗ እንደተኛች እዪ። ወረቀቱ ግራ የሚል ከሆነና እሷ በጀርባዋ ከተኛች፣ ያኔ ሌላ ቤት መፈለግ ጀምሪ።

ታዛቢ፦
ምን ደረሰ? ስብሰባው እንዴት ሆነ?

የማታ ፈረቃ፦
@የእማማ ልጅ፣ ነጥቡን ነገሩሽ?

አዲስ ገቢ፦
ይህን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጠያቂዋ ካለሽ ጻፊልን። አባቴ ሰኞ ይገባል፣ ቀኝ እጁ ነው የማይሠራው። ውኃው በግራ በኩል እንዲሆን ወረቀት ጽፌ ራስጌው ላይ ብለጥፍ ይቀየማሉ?

የማታ ፈረቃ፦
ለጥፊ። በትልቁ።