እናቴ ደሴ፣ እኔ አዲስ አበባ፦ የጤና መከታተያ ሰዓት ልግዛላቸው?

ጠያቂ፦
እናቴ የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ለብቻቸው ይኖራሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሲሆን፣ ባለፈው ወር ለሱብሒ ሶላት ከአልጋ ሲነሡ አዙሯቸው ወድቀው ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ ብዙ ቆይተዋል። እኔ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ስለምሠራ በስልክ ብቻ ነው የማገኛቸው፤ ስደውልም «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ» ከማለት ሌላ አይነግሩኝም። አንድ ነጋዴ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን ለክቶ ወደ ስልኬ የሚልክ የእጅ ሰዓት አሳይቶኛል። ልግዛላቸው?

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አላህ እናትዎን ያቆይልዎ። ሰዓቱን ከማሰብዎ በፊት፣ የወደቁት ከተኙበት ሲነሡ መሆኑን ልብ ይበሉ። የግፊት መድኃኒት በሚወስዱ አዛውንቶች ላይ፣ ብድግ ሲሉ ግፊታቸው በድንገት የሚወርድበት ጊዜ አለ። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ዐርፈው ከተለኩ በኋላ፣ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካሉ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪማቸው መነገር አለበት፤ መድኃኒቱን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጡ እናት ከሆኑ፣ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ቢለኩ ይሻላል፤ ቡና ለጊዜው ግፊትን ከፍ ያደርጋልና።

ለዚህ የሚያገለግለው ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ነው። የእጅ ሰዓት ቆዳ ላይ ብርሃን እያበራ የደም ሥሩን ትርታ ይከታተላል፤ የልብ ምትን በዚህ መንገድ ደኅና አድርጎ ይቆጥራል፤ ግፊትን ግን ከትርታው ተነሥቶ ይገምታል። ሳምሰንግ እንኳ ሰዓቶቹ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ እንዲስተካከሉ ያዝዛል። ያለ መርፌ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ካጋጠመዎ ፈጽሞ አይግዙ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ አስጠንቅቋል። ኦክስጅንን በተመለከተ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቁጥሩ ከቆላ አገር ጥቂት ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ደኅና በሆኑበት ቀን የሚያሳየውን መዝግበው ከዚያ ጋር ያነጻጽሩ።

የደሴ ነዋሪ፦
እኔ ለአባቴ ገዝቼላቸው ነበር። ለዉዱእ በቀን አምስት ጊዜ ያወልቁትና መስኮት ላይ ረስተውት ይውላሉ፤ ስለዚህ ውኃ የማያስገባና የላስቲክ ማሰሪያ ያለው ይምረጡ። ብዙዎቹ ሰዓቶች መረጃ የሚልኩት በብሉቱዝ በአቅራቢያቸው ባለ ስማርት ስልክ በኩል ነው። አባቴ የያዙት የቁልፍ ስልክ ስለነበረ፣ የራሱ ሲም ካርድ የሚቀበል ሰዓት እስክንቀይርላቸው ድረስ ለእኔ የደረሰኝ ነገር አልነበረም። መውደቅን የሚያውቀው ሰዓትም የሚነቃው በኃይለኛ ምት ነው፤ አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ቀስ ብለው የተንሸራተቱ ቀን ምንም አላለም። የቤታቸውን ቁልፍ አንድ ጎረቤት ዘንድ ያስቀምጡ፤ ማስጠንቀቂያው አዲስ አበባ ቢደርስዎም በሩን የሚከፍተው ደሴ ያለ ሰው ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። መጀመሪያ የክንዱን መለኪያ እገዛለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ እየለካች እንድትጽፍልኝ ተስማምተናል። እናቴ ቀጭን ናቸውና የማሰሪያው ልክ ለውጥ ያመጣ ይሆን?

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አዎ፣ ያመጣል። የክንዳቸውን መካከል በሜትር ይለኩ፤ የተለመደው ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ አነስተኛውን ይጠይቁ፤ የሰፋ ማሰሪያ ግፊቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል።