የልብ ደም ሥር መጋጠሚያ ላይ ለሚገባ ስቴንት የቱን ማዕከል ልምረጥ? ከጅማ ለሚጓዙ ጥቆማ

ጥያቄ፦ የአባቴ የልብ ደም ሥር የጠበበው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው ተባልን። ስቴንት (የጠበበውን ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ለማስገባት አዲስ አበባ ልንወስዳቸው ነው። ሁለት ማዕከላት ዋጋ ነግረውናል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የቱ ይሻላል? መድኃኒቱንስ ጅማ ላይ ከየት እንግዛ?

መልስ 1፦ እግዚአብሔር አባትዎን ይማርልዎ። ዋጋውን ለጊዜው ይተዉትና አሠራሩን ይጠይቁ። እንዲህ ባለ ቦታ ዋናው ስጋት ስቴንቱ ሲዘረጋ የጎን ቅርንጫፉ አፍ መደፈኑ ነው። ስለዚህ «ቅርንጫፉ ውስጥ መከላከያ ሽቦ አስቀድሞ ይገባል ወይ?» ይበሉ፤ ቢዘጋ መንገዱን የሚያሳየው እሱ ነው። ቀጥሎ፣ ዋናው ሥር ከመጋጠሚያው በላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። ስቴንቱ የሚመረጠው በታችኛው ልክ ስለሆነ፣ ላይኛው ጫፍ ከግድግዳው ጋር እንዲገጥም በአጭርና ሰፋ ባለ ባሉን (በሚነፋ ትንሽ ፊኛ) እንደገና ይነፋል። ይህን የማይዘሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የደም ሥሩን ከውስጥ የሚያሳይ አልትራሳውንድ ወይም ኦሲቲ (በብርሃን የሚያነሳ መሣሪያ) ያለው ማዕከል ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሁለት ስቴንት እናስገባ ካሉ ምክንያቱን እንዲያስረዱዎ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ይበቃል፤ ሁለት የሚያስፈልገው ቅርንጫፉ ትልቅ ሆኖ ጥበቱም ወደ ውስጡ ዘልቆ ሲገባ ነው።

የኩላሊት ምርመራውን (ክሬአቲኒን) ጅማ ላይ አሠርተው ይሂዱ፤ ደም ሥሩ በራጅ እንዲታይ የሚሰጠው የንፅፅር ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ አቅም ካለ ለመመለሻው ከአውቶቡስ ይልቅ እስከ ጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰውን በረራ ይያዙ።

መልስ 2፦ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምሠራ የመድኃኒቱን እኔ ልበል። ከስቴንት በኋላ ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት ውስጥ ክሎፒዶግሬል በቀን አንዴ፣ ቲካግሬሎር ሁለቴ ነው የሚዋጠው፤ ሁለቱም ከአስፒሪን ጋር። የትኛው እንደሚሆን ሐኪሙ ይወስናል። የመንግሥት መድኃኒት ቤት ይረክሳል፤ የሚያልቅበት ጊዜ ስላለ ግን አንዱን የግል መድኃኒት ቤት ከወዲሁ ያነጋግሩ። የመጨረሻው ፍሬ እስኪቀር አይጠብቁ። አንድ ነገር ደግሞ፦ እዚህ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የማይወስድ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የክሎፒዶግሬልን ኃይል ስለሚቀንስ በፓንቶፕራዞል እንዲቀየር ሐኪሙን ይጠይቁ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ ጥርስ ሊያስነቅሉ ቀጠሮ ነበራቸው፤ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀናት ቢያቆሙስ?

መልስ 2፦ በጭራሽ! ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ስቴንቱን ያስገባውን ሐኪም ሳያነጋግሩ ማንም «አቁሙ» ቢላቸው አይስሙ፤ የጥርሱ ቀጠሮ ይዘዋወር።